ከእናቴ ጋር የተመደብኩበት ትምህርት ቤት

ከመምህራን ማሠልጠኛ ስወጣ ሃያ ዓመቴ ነበር። ደርግ ሥልጣን ላይ ነው፤ አዲስ መምህር የሚመደበው በዕጣ ነው። ሸዋ በዚያን ጊዜ ሰፊ ክፍለ ሀገር ስለነበር ዕጣው የትም ሊጥለኝ ይችል ነበር። እኔም የትም ቢጥለኝ ግድ አልነበረኝም፤ ብቻ ሩቅ ይሁን። የደረሰኝ ግን እዚያው ይፋት ቆላ ውስጥ፣ ከተወለድኩባት ከሸዋ ሮቢት የግማሽ ቀን መንገድ ያላት አንዲት መንደር ሆነች። የኮርስ ጓደኞቼ "ዕድለኛ ነሽ" ብለው አቀፉኝ። እኔ እንባዬ መጣ።

እናቴ ወሬውን ስትሰማ "አልሐምዱሊላህ" አለችና ጓዝ ማሰር ጀመረች። የኔን ብቻ መስሎኝ ነበር። ሁለተኛውን ፍራሽ ስትጠቀልል ሳይ ነው የገባኝ።

"እማ፣ ይሄ የማነው?"

"የኔ ነዋ።"

"እኔ እኮ ለሥራ ነው የምሄደው።"

"እኔስ ለጨዋታ ነው የምሄደው?"

አባቴ ከሞተ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር። ሽርጥና ሻሽ ይነግድ የነበረበት ሱቅ ተዘግቷል። እህቴ አጣዬ ተድራለች። ቤት ውስጥ የቀረነው እኔና እናቴ ነን። ከዚያ በፊት ባሉት ክፉ ዓመታት ደግሞ የጎረቤታችን ልጅ ለአፍታ ብሎ ከቤት እንደወጣ ቀርቷል፤ እናቱም በራፏ ላይ ተቀምጣ መንገድ ስታይ አርጅታለች። እናቴ ያንን በየቀኑ ስታይ ኖራለች። ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። ማወቄ ግን በዚያች ሰዓት ለንዴቴ ምንም አልፈየደለትም።

ከአስፋልቱ ወርደን፣ ጓዛችንን በኪራይ አህያ አስጭነን፣ በማሽላው መሃል ስንሄድ ዋልን። ትምህርት ቤቱ ግቢ ስንደርስ ዳይሬክተሩ ሊቀበለን ወጣ። እኔን ዘሎ እናቴን በሁለት እጁ ጨበጣት።

"እንኳን ደህና መጡ መምህርት፤ ስንጠብቅዎት ነበር።"

"መምህሯ እሷ ናት፤ እኔ እናቷ ነኝ" አለች እናቴ። እዚያ ላይ ብታቆም ምን ነበረበት! "ጨጓራ አለባት። ሽሮ ሲበዛባት ያማታል።"

ሌሎቹ ሦስት መምህራን ከኋላው ቆመው ነበር። የተዋወቅናቸው በጨጓራዬ ነው።

የገበሬ ማኅበሩ ለመምህር ያሠራው ቤት አንዲት ክፍል ናት፤ ግድግዳዋ ጭቃ፣ ጣሪያዋ ቆርቆሮ። ከቀትር በኋላ ውስጧ አይገባም። እንደ ቆላ ሰው ሁሉ አልጋችንን ደጅ አውጥተን እንተኛለን፤ እናቴም የሷን አልጋ በኔና በአጥሩ በር መካከል ትዘረጋለች። አንድ ወጣት ባልደረባዬ ጠመኔ ሊዋስ ብቅ ያለ ጊዜ፣ ሻይ አፍልታ ከመሃላችን ተቀመጠችና እስኪወጣ ድረስ ስለ አባቱ ጤና፣ ስለ እናቱ ጤና፣ ስለ አያቶቹ ጤና ጠየቀችው። ከዚያ በኋላ ጠመኔ ጎድሎት አያውቅም።

እነዚህን ችዬ ነበር። ያልቻልኩት የሰንደቅ ዓላማውን ጠዋት ነው። ተረኛ መምህርት ነበርኩ። ተማሪው በሙሉ ተሰልፎ መዝሙሩን እየዘመረ፣ እኔ ከፊት ቀጥ ብዬ ቆሜ፣ ባንዲራው እየወጣ ነው። በሰልፉ መሃል የተማሪ ጭንቅላት ወደ ኋላ መዞር ጀመረ። እናቴ በክዳን የተከደነ ሳህን ይዛ፣ ሜዳውን እያቋረጠች ትመጣለች።

"ቁርስሽን ሳትበዪ! ያንን ጨጓራ ልትጨርሺው ነው?"

መዝሙሩ ወደ ሳቅ ተቀየረ። በዚያ ዘመን የሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ማቋረጥ ቀልድ አልነበረም፤ ሰው የሚጠየቅበት ነገር ነው። ዳይሬክተሩ ደግ ሰው ስለነበር ፊቱን ወደ ተራራው አዙሮ ያላየ መሰለ። እኔ ሳህኑን ተቀበልኩ። ካልተቀበልኩ እንደማትሄድ አውቃለሁ። መዝሙሩ እስኪያልቅ የቂጣ ፍርፍር ይዤ፣ ላቤ በጀርባዬ እየወረደ ቆምኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ተማሪዎቹ በሌለሁበት ስሜን ትተው "እትዬ ቁርስ" ይሉኝ ነበር። ለምን እንደሚሳሳቁ ሳላውቅ ብዙ ቆይቼ፣ አንድ ቀን ሽንት ቤቱ ግድግዳ ላይ በራሴ ጠመኔ ተጽፎ አገኘሁት። የፊደሉ አጣጣል ጥሩ ነበር፤ ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ለመንደሩ ትልልቅ ሰዎች መሠረተ ትምህርት አስተምራለሁ። እናቴም ተመዘገበች። ፊት ወንበር ላይ ትቀመጥና፣ "ጮክ በይ፣ ኋላ ያሉት አይሰሙም" ትለኛለች። ከኋላ ያሉት በእርግጥም አይሰሙም ነበር፤ ይሄ ደግሞ የባሰ አናደደኝ። ወላጆች ልጃቸው ፈተና ሲወድቅ ወደኔ መምጣት ትተው ወደሷ ይሄዳሉ። "ግዴለም፣ እነግራታለሁ" ብላ ትሸኛቸዋለች።

ነገሩ የፈነዳው በወላጆች ስብሰባ ላይ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ለጥቂት ሳምንት የሚሰጥ ሥልጠና መጥቶ፣ ከትምህርት ቤታችን አንድ መምህር እንዲሄድ ተጠየቀ። ዳይሬክተሩ እኔን አጨ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበርም ተነሥተው፣ "ጓዲት መምህርት ብትሄድ እንደግፋለን" አሉ። ልቤ በደስታ ዘለለ። ደብረ ብርሃን! ብርድ፣ ካፖርት፣ የማያውቀኝ ሰው የሞላበት ከተማ።

ከሴቶቹ መሃል የእናቴ ድምፅ ተሰማ። "ትሂድ፤ ግን ብቻዋን አትሄድም። እኔም አብሬ እሄዳለሁ።"

ሊቀመንበሩ ግራ ገባቸው። "እትዬ፣ አበሉ እኮ የአንድ ሰው ነው።"

"አበል ማን ጠየቀ? የራሴን ስንቅ ይዤ ነው የምሄደው።"

ሰው ሳቀ። ሳቁ ክፋት አልነበረውም፤ እንዲያውም የወዳጅ ሳቅ ነበር፤ እናቴን ይወዷታል። ዳይሬክተሩ ፈገግ እያለ፣ "መምህርትን ሌላ ጊዜ እንልካታለን" አለና ያንን ጠመኔ የማይጎድለውን ባልደረባዬን ጻፈው።

ስብሰባው ተበትኖ ሰው ገና ከግቢው ሳይወጣ እናቴን አስቆምኳት። ሌላ ቦታ እስክንደርስ መታገሥ እችል ነበር። አልታገሥኩም።

"ከእንግዲህ በኔ ጉዳይ አፍሽን እንዳትከፍቺ! ሥራው የኔ ነው! ቤቱ የኔ ነው! አንቺን ማን ጠራሽ?"

በዙሪያችን የነበረው ወሬ ሁሉ በአንድ ጊዜ ቆመ። አንዲት ሴትዮ እጇን አፏ ላይ ጫነች። እናቴ የተንሸራተተ ሻሿን በዝግታ አስተካከለች።

"እውነትሽን ነው" አለች። "ማንም አልጠራኝም።"

ሄደች። የመጣኝን ስሜት ብደብቀው ደስ ባለኝ፤ የመጀመሪያው ግን እፎይታ ነበር። እፍረቱ የመጣው ቤት ገብቼ፣ ራቴን ከፊቴ አስቀምጣልኝ "ብዪ" ሳትለኝ ስትቀር ነው።

በማግሥቱ ጠዋት ፍራሿን ጠቀለለች፤ መስገጃዋንና የመርፌ ሳጥኗን ያዘች። ወደ ሸዋ ሮቢት ልትመለስ ነው ብዬ አሰብኩ። "መኪና እስክታገኚ ልሸኝሽ?" አልኳት፤ ራሷን በእምቢታ ነቀነቀች። ክፍል ገባሁ። ለምሳ ስወጣ ተማሪዎቼ እየሮጡ መጡ።

"እትዬ! እናትዎ ገበያው ጋ ቤት ያዙ!"

ቤቷን ዘግታ ወደ ልጆቿ የሄደች አንዲት ባልቴት ነበረች። እናቴ በጠዋት ሊቀመንበሩ ዘንድ ሄዳ፣ ባልቴቷ እስክትመለስ ቤቱን እየጠበቀች እንድትቀመጥበት አስፈቅዳለች። ቀትር ላይ ሳልፍ በሩ ተከፍቶ፣ ደጁ ተጠርጎ፣ ውሃ ተረጭቶበት አየሁት። አልገባሁም። በምን ዓይኔ?

ሸዋ ሮቢት ብትገባ ኖሮ ነገሩ በኔና በሷ መካከል ይቀር ነበር። አሁን ግን መንደሩ በሙሉ የሚያየው አንድ ነገር ነው፦ መምህርቷ እናቷን አባረረች። ጉድጓዱ ጋ ውሃ ልቀዳ ስሄድ ሴቶቹ ወሬያቸውን ያቆማሉ። ሰላምታዬን ይመልሳሉ፤ ግን አጭር ነው። ክፍል ውስጥ ለትናንሾቹ ፊደል ሳስለምድ ሰሌዳው ላይ "እ" ብዬ ጻፍኩና፣ አፌ በልማድ "እናት" ሊል ሲል ያ ሁሉ ልጅ ጸጥ ብሎ አየኝ። "እንጨት" አልኩ። "እ — እንጨት" ብለው ደገሙ፤ ዓይናቸው ግን ከፊቴ አልተነሣም።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሽማግሌዎች መጡ። የመንደሩ ሼህ ከፊት፣ ሁለት አዛውንት ከኋላ፣ ሊቀመንበሩ ደግሞ ዳር ላይ። ያለኝ ወንበር አንድ ነው። ለሼሁ ሰጠሁና ሌሎቹን አልጋው ላይ አስቀምጬ፣ እኔ መሬት ቁጭ አልኩ።

"ልጄ" አሉ ሼሁ፣ "አንቺ የልጆቻችን አስተማሪ ነሽ። ጀነት በእናት እግር ሥር ነው ሲባል አልሰማሽም?"

"ሰምቻለሁ።"

"ታዲያ እናትሽ የሰው ቤት ስትጠብቅ፣ አንቺ እዚህ ጣሪያ ሥር ብቻሽን ስትተኚ፣ ነገ ልጆቻችን ከአንቺ ምን ይማራሉ?"

የመሬቱን ጭቃ በጥፍሬ እየቆፈርኩ አቀርቅሬ ቀረሁ። እናቴን አስጠሯት። መጣች፤ ጫማዋን በራፍ ላይ አወለቀችና ከውጭ ቆማ፣ "ልግባ?" አለች። የዚያን በር ዙሪያ ራሷ በጭቃ ለስናዋለች፤ በሩን በየቀኑ ራሷ ስትከፍተው ስትዘጋው ከርማለች። "ልግባ?" ስትል የሰማኋት ያን ቀን ነው። አዛውንቶቹ እርስ በርስ ተያዩ።

"ልጅሽን እግርሽ ላይ ልንጥላት ነው የመጣነው" አሉ ሼሁ።

"አልሐምዱሊላህ፣ ለድካማችሁ ጀዛችሁን አላህ ይክፈላችሁ" አለች እናቴ። "ግን ልጄ አላባረረችኝም። እኔ ነኝ የወጣሁት።"

"በሰው ፊት የተናገረችውን ሰምተናል እኮ" አሉ ሊቀመንበሩ።

"እኔም በሰው ፊት ያደረግኩባትን አይታችኋል። እሷ ትልቅ ሰው ናት፤ ልጆቻችሁን አምናችሁ ሰጥታችኋታል። እኔ ነኝ ያላመንኳት።" ወደኔ ዞረች። "የተናገርሽው ቃል አልጠፋኝም፤ አሞኛል። የወጣሁት ግን ስላመመኝ ብቻ አይደለም።"

ሽማግሌዎቹ ጉልበቷን አስሳሙኝ፤ ዱዓ ተደረገ። ከዚያም ሁሉም ሰው እናቴ ጓዟን ይዛ ትመለሳለች ብሎ ሲጠብቅ፣ ጫማዋን አጠለቀችና ወደ ገበያው ቤቷ ሄደች። ሼሁ ሲወጡ፣ "እኔ ይሄን ያህል ዘመን ሳስታርቅ፣ ታርቆ በየቤቱ የሚገባ አላየሁም" ሲሉ ሰማኋቸው።

አባቴ በሕይወት ሳለ የሚሸጠውን ሽርጥ ጠርዙን የምትሰፋለት እናቴ ነበረች፤ ጓዳ ውስጥ፣ ማንም ሳያያት። አሁን በገበያ ቀን ደጇ ላይ ምንጣፍ ዘርግታ መስፋት ጀመረች። ሽርጡን ከነጋዴ የገዛ ሁሉ ወደሷ ይመጣል። ከበረሃው ለገበያ የሚመጡት አፋሮች ግመላቸውን አሥረው እስክትጨርስ ቁጭ ብለው ይጠብቋታል። የነሱን ቋንቋ አታውቅም፤ እነሱም የሷን በደንብ አያውቁም፤ ግን ሲሳሳቁ ከሩቅ ይሰማል። ያንን ሳቋን አላውቀውም ነበር። ቤታችን ውስጥ ሃያ ዓመት ስኖር እናቴ አፏን ሳትሸፍን ስትስቅ አይቼ አላውቅም።

መጀመሪያ የሄድኩባት ቀን ቀኑን የመረጥኩት ገበያ እንዲሆን ነው፤ በሰው መሃል ብንገናኝ ይቀለኛል ብዬ። "ቆይ፣ ደንበኛ አለ" አለችኝ። ጠርዙን ሰፍታ እስክትጨርስ ዳር ላይ እንደ እንግዳ ተቀመጥኩ።

ምግብ ትልክልኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። አንድም ቀን እንኳ አልላከችም። ይልቅ በሳምንት አንድ ቀን እኔ ጋ መጥታ የሠራሁትን ትበላለች። የመጀመሪያውን ወጤን ቀምሳ፣ "ጨው አንሶ—" ብላ ጀመረችና አፏን በእጇ ያዘች።

"አልናገርም ብዬ ነበር።"

"ተናገሪ፤ በእርግጥም አንሶታል።"

ያን ቀን ነው የጠየቅኳት። "እማ፣ እዚያ ብቻሽን አትፈሪም?"

እንጎቻዋን አጥፋ ያዘች። "ከአባቴ ቤት ወደ አባትሽ ቤት፣ ከአባትሽ ቤት ወደ አንቺ ቤት ነው የመጣሁት። በሬን ከውስጥ ዘግቼ ብቻዬን የተኛሁት አሁን ገና ነው። መጀመሪያ ፈራሁ። ከዚያ ደስ አለኝ።" ዓይኗን ከኔ አሸሸች። "ደስ ስላለኝም አፈርኩ። ባል የሞተባት፣ ልጇ ያስቀየመቻት ሴት፣ ምን ደስ ይላታል?"

እኔ የመሰለኝ አንድ ነገር ነበር፦ እኔ ነፃ መሆን ስፈልግ እሷ ከለከለችኝ። እሷም ሙሉ ዕድሜዋን እንዲህ ያለ ነገር ሳታገኝ እንደኖረች፣ ምናልባትም በኔ ላይ የተጣበቀችው ሌላ የምትቆምበት ስላልነበራት እንደሆነ አንድም ቀን አስቤ አላውቅም። መምህር ነኝ ስል ነበር የከረምኩት።

በሚቀጥለው ዓመት ሥልጠናው ሲመጣ ብቻዬን ደብረ ብርሃን ሄድኩ። ስሰናበታት "በሰላም ተመለሺ" ብቻ አለች፤ ከንፈሯ ግን ሌላ ብዙ ነገር እንደያዘ ያስታውቅ ነበር። እዚያ ብርዱ ገደለኝ። ካፖርት አልያዝኩም፤ ያዢ የሚለኝ አልነበረማ።

ዝውውር ያገኘሁት በሦስተኛው ዓመት ነው፤ ሸዋ ሮቢት፣ ቤታችን አጠገብ ያለ ትምህርት ቤት። እየሮጥኩ ሄድኩባት።

"እማ! ቤታችን ልንገባ ነው!"

መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰካች። "እንኳን ደስ ያለሽ። አንቺ ግቢ።"

"አንቺስ?"

"እኔ ገበያዬን ጥዬ የት እሄዳለሁ?"

"እማ፣ ሰው ምን ይላል? እናቷን ገጠር ጥላ መጣች አይሉኝም?"

ሳቀች፤ ያንን የገበያ ሳቋን። "ይሉሻል። እኔንም ልጇን ብቻዋን ሰደደች ይሉኛል። ይበሉና።"

የሃያ ሦስት ዓመት ሴት፣ መንደሩ ሁሉ "እትዬ" የሚለኝ፣ በገበያ መሃል እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ሻሿን አውልቃ ፊቴን ጠረገችልኝ። ተማሪዎቼ ያዩ ነበር፤ አላባረርኳቸውም።

የምሄድ ዕለት እስከ ወንዙ ሸኘችኝ። እንደ ልማዳችን ስንለያይ ይቅር እንድትለኝ፣ "አፉ በይኝ" አልኳት።

"ለየትኛው?" አለችኝ።

ቀልዷ ይሁን ቁም ነገሯ መለየት አልቻልኩም። ከስብሰባው በኋላ የጮኽኩባትን ቃል በአፌ ደግሜ መጥራት አፈርኩ። "ለሁሉም" አልኩ።

"ለሁሉም አፉ ብያለሁ። አንቺም አፉ በይኝ፤ ያንን ሳህን ይዤ ሜዳ ለሜዳ መምጣቴን አሁን ሳስበው ፊቴ ይግላል።" ከዚያ ጓዜን የጫነው አህያ እንዳይርቅ ሂጂ አለችኝ። ወንዙን ተሻግሬ ስዞር እሷ መንገዷን ይዛ ነበር። ትዞራለች ብዬ ቆምኩ፤ አልዞረችም። ገበያ ቀን ነበርና ቸኩላ ይሆናል።

ሸዋ ሮቢት ባዶ ቤት ገብቼ ኖርኩ። በዓመቱ አገባሁ። ለሠርጌ መጣች፤ በሦስተኛው ቀን የሰው ሽርጥ እጄ ላይ አለ ብላ ተመለሰች። ስወልድ መጥታ አርባ ቀን አርሳኝ፣ በአርባ አንደኛው ቀን ሄደች። ደርግ ሊወድቅ አካባቢ፣ ዓይኗ ክሩን መርፌ ውስጥ ማስገባት ሲያቅተው ነው ራሷ ጓዟን አስጭና የመጣችው። የአባቴን ሱቅ አጽድተን ሰጠናት፤ እዚያ ብዙ ዓመት ኖረች። ባሌን በጨጓራዬ ጉዳይ ታማክረው ነበር። እንግዳ ባለበት "ክብደት ጨመርሽ" ትለኝ ነበር። እኔም አንዳንዴ ድምፄን ከፍ አድርጌባት፣ ከሰዓት በኋላ ሻይ ይዤ በራፏ ላይ ቆሜ አውቃለሁ። "ግቢ እንጂ፣ ምን ያስቆምሻል?" ትለኛለች፤ ሻዩንም ቀምሳ ስኳሩ በዛ ትላለች።